«ብርድ ነው» አትበሉኝ

ባለፈው ሳምንት መገናኛ ላይ ታክሲ ልሳፈር ከዘራዬን አስቀድሜ፣ የበሩን ብረት ጨብጬ፣ እግሬን ለማንሳት ትንፋሽ ስሰበስብ ረዳቱ ከኋላዬ «ፋዘር! ግባ እንጂ፣ ሰው ቆሟል እኮ!» አለኝ። ዞር አልኩ። ፊቴን ሲያይ ደነገጠ። ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ብበልጠው በሁለት ዓመት ቢሆን ነው። «ይቅርታ ብራዘር» አለና ክንዴን ይዞ አስገባኝ። ከተቀመጥኩ በኋላ ደግሞ ለካሳ ይሆን ዘንድ ምክር ጨመረልኝ፦ «ብርድ ነው አይደል? ፌጦ ሞክርበት።»

ልጁን አልከስም፤ ደግ ልጅ ነው። የምከሰው «ብርድ ነው» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር ነው። ሁለት ቃል ናት። ነፃ ናት። ማንም ለማንም ያዝዛታል። እኔን ግን እግሬን ልታስከፍለኝ ምንም አልቀራትም።

ታሪኬ አጭር ነው፤ የረዘመው ስሙን ፍለጋው ነው። ከአሥራ አራት ወር በፊት ቅዳሜ ጠዋት ኳስ ተጫውቼ ስመለስ ግራ ብሽሽቴን አንድ ነገር ጨመደደኝ። ይለቀኛል ብዬ ተኛሁ። አልለቀቀኝም። በሦስተኛው ወር ካልሲ ማጥለቅ ፈተና ሆነ፤ የጫማ ክር ማሰር ሲያቅተኝ ክር የሌለው ጫማ ገዛሁ። በአምስተኛው ወር በርጩማ ላይ መቀመጥ አቃተኝና ቡና በተጠራሁበት ቤት ሁሉ «ኧረ ለሱ ወንበር አምጡለት» የሚባልልኝ ሰው ሆንኩ። በስምንተኛው ወር ከቤቴ እስከ ታክሲ መያዣው ያለው የአሥር ደቂቃ መንገድ ሃያ አምስት ደቂቃ ፈጀ። መሃል ላይ አንዲት የሱቅ ደረጃ አለች፤ እሷ ላይ አርፋለሁ። ባለሱቁ መጀመሪያ ሰሞን ዱቤ ልጠይቀው የመጣሁ እየመሰለው ፊቱን ያዞርብኝ ነበር።

በነዚህ ወራት ስንት ሐኪም እንዳየኝ ልንገራችሁ። እናቴ፦ ብርድ ነው። የቢሮ ጓደኛዬ፦ ዲስክ ነው፣ አጎቴን እንደዚህ አድርጎት ነበር። ጎረቤታችን እትዬ፦ ሪህ ነው፣ ሥጋ ተው። የኳስ ጓደኞቼ፦ ጡንቻ ነው፣ ሩጥበት ይፈታል። የመሥሪያ ቤታችን ዘበኛ፦ ዓይን ነው። አንዳቸውም የሕክምና ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጡም፤ አንዳቸውም ግን «አላውቅም» አላሉም። በዚህች ከተማ የማይገኘው መድኃኒት «አላውቅም» ነው።

«ታዲያ እውነተኛ ሐኪም ጋ ለምን አልሄድክም?» ትሉኝ ይሆናል። ሄጃለሁ። ስሙን የማልጠራው አንድ ክሊኒክ ውስጥ ከወንበሬ ሳልነሳ፣ ሱሪዬን ሳልሰበስብ፣ ማንም እግሬን ሳይነካ የማስታገሻ መርፌ ታዘዘልኝ። ተወጋሁ፤ ለሁለት ቀን ሰው ሆንኩ። በሦስተኛው ቀን ተመለሰ። እኔም ተመለስኩ። ከዚያ በኋላ ክሊኒኩን ዘልዬ መድኃኒት ቤት መሄድ ጀመርኩ፤ «ዲክሎ ስጠኝ» ስል ማንም «ለምንህ?» አላለኝም። አንድ ሌላ ቦታ ደግሞ ሕመሙ ወደ ጉልበቴ ስለሚወርድ ጉልበቴን ራጅ አነሱኝ። ጉልበቴ ንጹሕ ነበር። «ምንም የለብህም» ተብዬ እያነከስኩ ወጣሁ።

በአሥራ ሁለተኛው ወር ያገኘሁት ሐኪም ግን አንድ እንግዳ ነገር አደረገ። ጠየቀኝ። የት ነው የሚያምህ፣ በጣትህ አሳየኝ አለ። ሌሊት ይቀሰቅስሃል? ትኩሳት አለህ? ከስተሃል? ምን ምን መድኃኒት ወስደሃል? መጠጥ? ወድቀህ ታውቃለህ? ከዚያ አልጋ ላይ አስተኛኝ፤ ጉልበቴን አጥፎ እግሬን ቀስ ብሎ ወደ ውስጥ ሲያዞረው ጮህኩ። ይህ ሁሉ ከአሥር ደቂቃ አልበለጠም። «ያንተ ነገር ጉልበት አይደለም፣ ዳሌ ነው» አለና የዳሌ ራጅ አዘዘ።

ፊልሙን መብራት ላይ ሲሰቅለው ሐኪም መሆን አላስፈለገኝም። የቀኙ የጭን አጥንት ራስ እንደ ኳስ ክብ ነው። የግራው እንደተረገጠ ኳስ ጠፍጥፏል። ዶክተሩ ዝም ብሎ አየውና «በልጅነትህ አንክሰህ ታውቃለህ?» አለኝ። አላውቅም አልኩ። «እናትህ አሉ? እስቲ ደውልላቸው።»

ደወልኩ። እናቴ ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ፦ «ሁለተኛ ክፍል ሳለህ... አዎ፣ ዓመት ሊሞላው ምንም ያህል አልቀረው። ጉልበቴን፣ ጉልበቴን ትል ነበር። ኳስ ሲጫወት ወድቆ ነው ብለን ወጌሻ አሸህ። ሰዉ ሁሉ ብርድ ነው፣ ያድጋል ይተወዋል አለን። እውነትም ተወህ... ምነው ልጄ?»

ተውኩት እንጂ እሱ አልተወኝም።

ዶክተሩ እንደገመተው ያኔ የያዘኝ ነገር ስም አለው፦ ሌግ-ካልቬ-ፐርተስ። የጭን አጥንት ራስ የሚያገኘው ደም ለጊዜው ይቋረጥና አጥንቱ ይሞታል፤ ደሙ ሲመለስ ቀስ እያለ እንደገና ይሠራል፤ ሲሠራ ግን ቅርጹ ሊበላሽ ይችላል። ባብዛኛው ከ4 እስከ 10 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ ይታያል፤ ከሴቶች ይልቅ ወንዶች ላይ ይበዛል። ቅርጹ የተበላሸ ራስ በጎድጓዳ ማቀፊያው ውስጥ ለዓመታት ሲሽከረከር አጥንቶቹ እንዳይፋተጉ የሚሸፍነውን ልም አጥንት ይበላዋል። ያኔ በሰባ ዓመት ይመጣል የምንለው የመገጣጠሚያ ማለቅ በሃያ ዘጠኝ ይመጣል። ስሙን የወሰደው አሜሪካ፣ ፈረንሳይና ጀርመን ውስጥ ለየብቻቸው ሲሠሩ እ.ኤ.አ. በ1910 ስለበሽታው ከጻፉ ሦስት ሐኪሞች ነው።

እ.ኤ.አ. 1910 ማለት በኛ 1902 እና 1903 ዓ.ም. ነው። ምኒልክ በሕይወት ነበሩ። ከመቶ ዓመት በላይ ስም ያለው በሽታ እኛ ቤት እስከ ዘንድሮ ድረስ የሚጠራው «ብርድ» ተብሎ ነበር።

ላጋንን አልፈልግም። ያኔ ቢታወቅ ኖሮ ዛሬ ጤነኛ እሆን ነበር ብሎ የሚምልልኝ የለም፤ በጊዜ ተደርሶባቸውም ዳሌያቸው የሚበላሽ ልጆች አሉ። ግን የሚከታተለኝ ሰው በኖረኝ ነበር። ያቺ ዳሌ ያለባትን አውቄ በኖርኩ ነበር። ሕመሙን «ይፈታል» እያልኩ ለወራት ባልሮጥኩበት ነበር።

አሁን ወደ ክሱ።

አንደኛው ክስ፦ ዳሌ ብቻውን የብዙ በሽታ አድራሻ ነው። ብሽሽት ላይ የሚሰማ ሕመም ብዙውን ጊዜ ከመገጣጠሚያው ከራሱ ነው። ከጎን በኩል፣ ሲተኙበት የሚያቃጥለው ከጅማት ሊሆን ይችላል። መቀመጫ ላይ ጀምሮ እስከ እግር ጣት የሚወርደው ባብዛኛው ከወገብ ነው። ለረጅም ጊዜ በብዛት የተወሰደ ስቴሮይድ ወይም የበዛ መጠጥ የአዋቂን ሰው የጭን አጥንት ራስ ደም አሳጥቶ ሊገድለው ይችላል። ቲቢ ሳንባ ላይ ብቻ አይቀመጥም፤ ዳሌ ውስጥም ገብቶ መገጣጠሚያውን ያፈርሳል፤ አገራችን ደግሞ ቲቢ ከሚበዛባቸው አገሮች አንዷ ናት። እነዚህ ሁሉ የተለያየ መድኃኒት አላቸው። «ብርድ ነው» ግን ሁሉንም አንድ ጆንያ ውስጥ ከትታ ፌጦ ታዝዝላቸዋለች።

ሁለተኛው ክስ፦ መርፌው። ማስታገሻ ኃጢአት አይደለም፤ እኔም ዛሬ በልክ እወስዳለሁ። ዲክሎፌናክና መሰሎቹ ግን ጨጓራ ያቆስላሉ፣ ያደማሉ፣ ኩላሊት ይጎዳሉ፤ በተለይ ለወራት ያለ ተቆጣጣሪ ሲወሰዱ። ከዚህ በላይ ደግሞ እሳቱን ሳያጠፉ ደወሉን ይዘጋሉ። መርፌ የተወጋሁባቸው ቀናት ደህና ሆንኩ ብዬ ከሁሉም ቀን አብዝቼ የተራመድኩባቸው ቀናት ናቸው። ያለቀውን ልም አጥንት በደስታ ስፈጨው ነበር።

ሦስተኛው ክስ «ቻለው» ላይ ነው። እኛ አገር ቻይ መሆን ሞገስ ነው። ያመመው ሰው ሳያቃስት ከዋለ ጎበዝ ይባላል፤ ካቃሰተ ሞልቃቃ። ሯጮቻችን ዓለምን ስላስደነቁ እግር ሁሉ የማይደክም ይመስለናል። ችሎ መኖርን አልንቅም። አያቶቻችን የቻሉት ሌላ ምርጫ ስላልነበራቸው ነው። እኛ ግን ምርጫ እያለን የምንችለው ስንፍናችንን በጀግንነት ጠቅልለን ነው። መገጣጠሚያ ጀግና አያውቅም። ያልቃል፣ በቃ።

አራተኛው ክስ ከተማዋ ላይ ነው፤ ከ«ቻለው» ጋር ዘመድ ስለሆነ ነው የማነሳው። የምኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው። ሊፍት የለም። ሕመሙ በባሰበት ሰሞን ዳቦ ለመግዛት መውረድ ውሳኔ የሚጠይቅ ጉዳይ ነበር፤ ዳቦው ደረጃውን ያዋጣል ወይ ብዬ አስባለሁ። የቀበሌ ጉዳይ ሦስተኛ ፎቅ፣ ባንኩ ከስምንት ደረጃ በላይ፣ መንገድ መሻገሪያው ድልድይ። በ2016 ዓ.ም. በጀመረው የኮሪደር ልማት አንዳንድ መንገዶች ላይ የእግረኛው መሄጃ ሰፍቷል፤ እዚያ ላይ ስሄድ እግሬም ያመሰግናል። ሰፊው መሄጃ ላይ እንደ ሰው ከሄድኩ በኋላ ግን የሕንፃው መግቢያ ላይ ደረጃ ይጠብቀኛል።

ሕግ የለም እንዳትሉኝ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624፣ አንቀጽ 36 ላይ፣ ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ ለአካል ጉዳተኞች የሚመች መግቢያ እንዲኖረው ደንግጓል። በዊልቸር የሚሄደውን ብቻም አልነበረም ያሰበው፤ መራመድ እየቻለ ደረጃ መውጣት የማይችለውንም በግልጽ አስቦ ነበር። ሳነበው ደነገጥኩ። ያ ሰው እኔ ነኝ። ሕጉ ያወቀኝ ዶክተሩ ሳያውቀኝ፣ እኔም ራሴን ሳላውቅ ነው። ያላወቀኝ ደረጃውን የሠራው ሰው ነው። «ትንሽ ደረጃ ናት፣ ቻላት» ነው መልሱ። እግሬን «ቻለው» ያለው አፍ ነው ደረጃውንም «ቻለው» የሚለው።

አሁን መልስ የምትሰጡኝን እሰማለሁ።

«ገንዘብ ከየት ይምጣ? ሁሉም ኤምአርአይ ይነሳ ነው የምትለው?» አይደለም። የኔን ዳሌ ያጋለጡት አሥር ደቂቃ ጥያቄ፣ አንድ አልጋና አንድ ተራ ራጅ ናቸው። (ራጅ ሁሉንም አያሳይም፤ የአጥንቱ ደም መቋረጥ ገና ሲጀምር ራጁ ንጹሕ ሊሆን ይችላልና ያኔ ኤምአርአይ ያስፈልጋል። ግን ከመጨረሻው ለምን እንጀምራለን?) የአሥራ ሁለት ወር መርፌ፣ ቅባትና የጉልበት ራጅ ሒሳቤን ስደምረው የዳሌ ራጁን ዋጋ ብዙ እጥፍ ሆኖ አገኘሁት። ድህነታችን እውነት ነው፤ ግን ድሃ ሆኖ ለተሳሳተ ነገር ደጋግሞ መክፈል ቁጠባ አይባልም።

«ወጌሻን ትንቃለህ!» አልንቅም። ሐኪም ባልነበረበት ዘመንና ሐኪም በሌለበት ቦታ ሰው ያቆሙ ናቸው፤ ወለምታዬን ያሹልኝ አባባ እስከዛሬ ስማቸውን በክብር አነሳለሁ። ነገር ግን ዳሌ ከወፍራም ጡንቻ ሥር የተቀበረ መገጣጠሚያ ነው። ውስጡ የሞተ አጥንት ወይም ቲቢ ይኑር አይኑር የማንም ጣት አያነበውም። ሳያዩ ማሸት ደግሞ የተሰነጠቀውን ሊያንቀሳቅስ ይችላል።

«ሐኪሞቹስ ምን ያድርጉ፣ ወረፋው ይታያል?» ይታያል። ወረፋው እግር ላለመንካት ምክንያት ከሆነ ግን ያው ሰው ነገ ተመልሶ እዚያው ወረፋ ላይ ይቆማል። እኔ አራት ጊዜ ቆሜያለሁ። አሥር ደቂቃ ቢሰጠኝ ኖሮ ሦስቱን ወረፋ ለሌላ ሰው በለቀቅሁ ነበር።

አንባቢዬ፣ ዳሌህን ወይም ዳሌሽን ካመመ፣ ከምክር ጋጋታ ውስጥ እነዚህን ብቻ ያዙልኝ። ለሳምንታት ያልለቀቀ፣ የሚያስነክስ ወይም ሌሊት የሚቀሰቅስ ሕመም ስም ይገባዋል፤ ሐኪሙን «ምን ይመስልሃል?» ብላችሁ ጠይቁ፣ «እግሬን አይተህ ንገረኝ» በሉ። ትኩሳት ካለ፣ ክብደት ከቀነሰ፣ ከወደቃችሁ በኋላ መቆም ካቃታችሁ ቀጠሮ አትጠብቁ፤ ያን ቀን ሂዱ። የሚያነክስ ልጅ «ጉልበቴን» ቢልም ዳሌው ይታይለት። ጨርሶ መተኛትም መድኃኒት አይደለም፤ ጡንቻው ይሰንፍና ዳሌው ይብሳል። ለኔ የታዘዘልኝ የመቀመጫና የጭን ጡንቻ የሚያጠነክር የፊዚዮቴራፒ እንቅስቃሴ ነው። በሁለት ወር ውስጥ የአሥር ደቂቃውን መንገድ ወደ አሥራ አምስት መልሶልኛል፤ ደረጃዋ ላይም አላርፍም። ባለሱቁ ናፍቆኝ ይሆናል።

ስለ ከዘራም። ግራ ዳሌዬ ታሞ በቀኝ እጄ ስይዘው በየመንገዱ «በታመመው በኩል ያዘው እንጂ!» የማይለኝ የለም። ተሳስታችኋል። ስንራመድ ዳሌ ላይ የሚያርፈው ጫና ከሰውነታችን ክብደት ሁለት፣ ሦስት እጥፍ ይሆናል፤ ምክንያቱም በአንድ እግር በቆምንባት ቅጽበት ገላችን እንዳያዘነብል የዚያው ጎን ጡንቻ አጥብቆ ይጎትታል። ከዘራው በተቃራኒው እጅ ሲሆን ያን ጉተታ ይቀንሳል። ደረጃ ሲወጣ ጤነኛው እግር ይቀድማል፣ ሲወረድ የታመመው። ከዘራ የሼባ ጌጥ ነው ብላችሁ የምታፍሩ እኩዮቼ፣ እኔም ስድስት ወር አፍሬያለሁ። ያተረፍኩት ስድስት ወር ማንከስ ነው።

አንድ ቀን ደግሞ ቀዶ ሕክምና ይጠብቀኝ ይሆናል። ያለቀውን ዳሌ አውጥቶ በብረትና በፕላስቲክ መተካት ተረት አይደለም፤ እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ቻርንሊ ዛሬ የምናውቀውን ዓይነት መሥራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1962 ነው። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2007 «የምዕተ ዓመቱ ቀዶ ሕክምና» የሚል ጽሑፍ አውጥቶለታል። እዚያው መጽሔት ላይ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ጥናት ከመቶ 58 ያህሉ ሃያ አምስት ዓመት እንደሚያገለግሉ ገምቷል። ለሰባ ዓመት ሰው ይህ ዕድሜ ልክ ነው፤ ለሃያ ዘጠኝ ዓመት ሰው ግን ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ማለት ሊሆን ይችላል። ዶክተሬ «እናቆየው» ያለኝ ለዚህ ነው። የኔ ሥራ ያለኝን ዳሌ አክብሬ ማቆየት ነው፤ ያን ማድረግ የቻልኩት ደግሞ ስሙን ካወቅሁ ወዲህ ነው።

እናቴ ፊልሙን ካየች በኋላ ብዙ አለቀሰች። «እኔ ነኝ እግርህን የበላሁት» አለችኝ። አይደለሽም እማዬ። አንቺ ልጅሽን ይዘሽ ያልዞርሽበት ቤት፣ ያልጠየቅሽው ሰው የለም። የጠየቅሻቸው ሁሉ ያቺን ሁለት ቃል ሰጡሽ እንጂ።

ከኛ በታች ሁለተኛ ፎቅ ላይ አንድ የስድስት ዓመት ልጅ አለ። ደረጃው ላይ ኳስ የሚያንከባልል፣ እኔን ሲያይ ከዘራዬን ቀምቶ ዘበኛ የሚሆን ልጅ። ሰሞኑን ደረጃ ሲወጣ ግራ እጁን ግድግዳው ላይ ያሳርፋል። ባለፈው እሁድ እናቱን ጠየቅኋት። «ጉልበቴን ይላል፣ ብርድ ነው መሰለኝ» አለችኝ።

በዚያች ዓረፍተ ነገር ላይ ያለኝን ቂም ሁሉ ዋጥ አድርጌ ቀስ ብዬ ነገርኳት። የኔን ፊልም ከአራተኛ ፎቅ አምጥቼ በመስኮቱ ብርሃን አሳየኋት። ምናልባት ምንም ላይሆን ይችላል፤ ወድቆም ሊሆን ይችላል። አላውቅም። አላውቅም ስላልኩ ነው የምትሄደው።

ራጁ ሰኞ ነው።